መኪናችንን ለክረምት እናዘጋጅ

(ከዚህ በታች የሠፈረው ጽሑፍ በግንቦት ወር በተደረገው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረጉት ንግግር ነው። በዕለቱ ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ እንዲወጣ በተወሰነው መሠረት ቀርቧል።)




ዛሬ እንድናገር የተመደብኩት ስለ መኪና የክረምት ዝግጅት ነው። እኔ እንደምታውቁኝ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። መሐንዲስም መካኒክም አይደለሁም። ነገር ግን በልጅነቴ የታክሲ ረዳት ሆኜ ጀምሬ፣ እነሆ ከሃያ ዓመት በላይ መሪ ይዤ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። ስለዚህም የምናገረው ከመጽሐፍ ያነበብኩትን ብቻ ሳይሆን በእጄ የነካሁትንና በራሴ ላይ የደረሰውን ነው።

በራሴ ላይ የደረሰውን አስቀድሜ ልናገር። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ግን ከኔ አፍ አልሰማችሁትም።

ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር፣ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ከሥራ ወደ ቤቴ ስመለስ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። መኪናዬ ያቺ የምታውቋት አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። የኋላ ጎማዎቿ እንደ ብርጭቆ ልሰው ነበር። ይህንን አላውቅም ነበር ብዬ አልዋሽም። አንድ መካኒክ ጎረቤቴ በግንቦት ወር ላይ፣ ልክ እንደ ዛሬው ጊዜ መሆኑ ነው፣ «ይኸን ጎማ ይዘህ ክረምት እንዳትገባ» ብሎኝ ነበር። እኔም «የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ አለብኝ፣ ለመስቀል እቀይራለሁ» አልኩት።

በኮብልስቶኑ ቁልቁለት ስወርድ፣ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ዳቦ ይዛ፣ ጃንጥላዋን ፊቷ ላይ ደፍታ ከሱቅ ወጣች። ፍሬን ያዝኩ። ጎማው ተቆለፈ፤ መኪናዋ ግን አልቆመችም። እንደ ሳሙና ተንሸራተተች። መሪዬን ወደ ድንጋዩ አጥር ጠመዘዝኩ። ፓራፋንጎው ተጨራመተ፣ ልጅቷንም ስፖኪዮው ክንዷን መትቶ ጣላት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነፍሷ ተረፈ። ክንዷ ግን ተሰብሮ ስድስት ሳምንት በጀሶ ታስሮ ቆየ።

እናቷ ወጥታ ስታየኝ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። «ዳቦ ነው የላክኋት፤ ለሞት አላክኋትም» ብቻ አለችኝ። ይህች ቃል እስከ ዛሬ ድረስ ከጆሮዬ አልወጣችም። እናቷ አሁንም እዚህ ከመካከላችን ተቀምጣለች። በፊቷ ነው የምናገረው።

እንግዲህ አስቡት። በየዓመቱ «ክረምት መጥቷልና ጥንቃቄ ይደረግ» የሚል ማስታወቂያ በሰሌዳው ላይ የምለጥፈው እኔው ነኝ። ለሁለት ጎማ የሰሰትኩት ገንዘብ ለላሜራ፣ ለቀለምና ለስፖኪዮ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ወጣ። ገንዘቡስ ይሁን፤ የልጅ ክንድ ዋጋ ግን አይተመንም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። እኔ ከተቃጠለ በኋላ ነው የነቃሁት፤ እናንተ ሳይቃጠል እንድትነቁ ነው የመጣሁት።

መኪና ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት መንገደኛው የሚጓዘው በበቅሎ ነበር። ታዲያ በቅሎ የሚጭን ሰው ሳይነሣ ኮቴዋን ያያል፣ ልጓሟን ይፈትሻል፣ ኮርቻዋ መላጡን አለመላጡን ይዳስሳል። እኛ ግን ቁልፍ አስገብተን፣ አስነሥተን፣ መሄድ ብቻ። መኪና እንደ በቅሎ አትራገጥም፣ አታናፋም፤ ስለዚህ ታማ ሳለ ጤነኛ ትመስለናለች።

ክረምት ለምን የተለየ ሆነ?

እንደሚታወቀው የአዲስ አበባ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘልቃል፣ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ የከበደው ነው። በበጋው ወራት መንገዱ ላይ የተንጠባጠበው ዘይት፣ ናፍጣና አቧራ እዚያው ይጠራቀማል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ እሱን አራሶ እንደ ቅባት ያደርገዋል። ስለዚህ አደገኛው የነሐሴ ጎርፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የሰኔ የመጀመሪያዎቹ ካፊያዎችም አደገኞች ናቸው።

በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 8 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ60 ከሆነ ደግሞ ወደ 17 ሜትር ነው። ሰው አደጋ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ ድረስ አንድ ሴኮንድ ያህል ያልፋል። መኪናው መቆም የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ ደግሞ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት ከደረቁ ጋር ሲነጻጸር ወደ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በውስጥ ለውስጥ መንገዳችን፣ ሱቁ ከመንገዱ ጋር በተጣበቀበት፣ ይህ ርቀት የለንም።

አሁን ወደ ዝርዝሩ ልግባ። ወረቀትና እስክሪፕቶ ያላችሁ ጻፉት።

አንደኛ፦ ጎማ

አዲስ ጎማ ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። የጥርሱ ሥራ ውሃውን ከሥር ጠርጎ ማስወጣት ነው። ጥርስ የሌለው ጎማ ውሃው ላይ እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል፤ ያን ጊዜ መሪም ፍሬንም አይታዘዝም። በብዙ አገሮች ሕግ ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ጎማ ይጣላል፤ ለዝናብ ግን 3 ሚሊ ሜትር ሳይደርስ ቢቀየር ይመረጣል። መለኪያ የለኝም የሚል ካለ፣ በጎማው ቦይ ውስጥ በየመካከሉ ከፍ ያሉ ትናንሽ ጉብታዎች አሉ። የጎማው ጥርስ አልቆ ከነዚያ ጉብታዎች ጋር እኩል ከሆነ ጎማው ሞቷል ማለት ነው። ቅበሩት።

ያገለገለ ጎማ የምትገዙ ደግሞ ጥርሱን ብቻ አትዩ። ጎኑ ላይ አራት ቁጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ። ለምሳሌ 3518 ቢል፣ በፈረንጆች 2018 ዓመት በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ያረጀ ጎማ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ጎኑ ይሰነጣጠቃል፣ እርጥብ መንገድም አይይዝም።

ነፋሱን በተመለከተ፦ ትክክለኛው ልክ በሹፌሩ በር በኩል በተለጠፈው ምልክት ላይ ተጽፏል። የሚለካውም ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። «ክረምት ስለሆነ እንዲይዝ ትንሽ ነፋስ ላስተንፍስለት» የሚሉ ሾፌሮች አሉ። ይኸ ስህተት ነው። ነፋሱ ያነሰ ጎማ መሐሉ ስለሚታጠፍ ውሃ መጥረግ ያቅተዋል። ስኮርታውንም አትርሱ። ስኮርታ ጎማ የሚታወሰው ማታ፣ በዝናብ፣ ጭቃ ላይ ሲተነፍስ ብቻ ነው። ክሪኩና የጎማ መፍቻውም በቦታው መሆናቸውን እዩ።

ሁለተኛ፦ ፍሬን

ፍሬን ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ከሆነ ዘይቱ ውስጥ አየር አለ። እየሰመጠ ወለል የሚደርስ ከሆነ የሚያፈስ ነገር አለ። ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ አንደኛው ጎን አይሠራም። የብረት ፉጨት ከሰማችሁ ሸራው አልቋል። ከነዚህ አንዱን ያየ ሰው «እስከ ሰኞ» አይበል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ የሚያረጅ መሆኑ ነው። ውሃ የገባበት የፍሬን ዘይት በረዥም ቁልቁለት ሲግል ይፈላል። ከፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ፍሬን አይዝም። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት። የእጅ ፍሬንንም ዳገት ላይ አቁማችሁ ሞክሩት።

በአዳዲሶቹ መኪናዎች ላይ ኤቢኤስ የሚባለው ካለ፣ በድንገት ሲረገጥ ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ይንቀጠቀጣል። ያ ሥራውን እየሠራ ነውና እግራችሁን አታንሱ፤ አጥብቃችሁ ያዙ። እንደኔዋ ባለ አሮጌ መኪና ግን ጎማው እንዳይቆለፍ እየለቀቁ እየያዙ ነው። እኔ ያን ቀን ደንግጬ አንድ ጊዜ ብቻ ረግጬ ያዝኩ፤ ውጤቱን ነግሬአችኋለሁ።

ሦስተኛ፦ የዝናብ መጥረጊያና መስታወት

የመጥረጊያው ላስቲክ በጋውን በሙሉ ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ይደርቃል። ከዚያ መስታወቱን አይጠርግም፤ ይቧጭረዋል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ የማይሻሻል ከሆነ ቀይሩት። ከመኪና ዕቃ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው። የሚረጨውንም ውሃ ሙሉት፤ ከፊት የሚሄድ የጭነት መኪና ጭቃ ሲደፋብህ ያን ጊዜ ነው የሚታወቀው።

መስታወቱ ከውስጥ በትንፋሽ ሲደፈን በእጅና በእጅጌ መጥረግ ቅባት ይጨምርበታል እንጂ አያጠራውም። ነፋሹን ወደ መስታወቱ አዙሩ፣ ኤሲ ካለው ክፈቱ፣ ከሌለውም ሁለት ጣት የሚያህል መስኮት ክፈቱ። መስታወቱ አስቀድሞ ከውስጥ በንጹሕ ጨርቅ ቢወለወል መደፈኑ ይቀንሳል።

አራተኛ፦ መብራት

የፊት መብራት፣ ፍሬቻ፣ የኋላ መብራት፣ የፍሬን መብራት አንድ በአንድ ይታይ። ረዳት ከሌላችሁ ማታ መኪናውን ጀርባውን ወደ አጥር አስጠግታችሁ ፍሬን ርገጡ፤ ቀዩ ብርሃን አጥሩ ላይ በሁለቱም በኩል መታየት አለበት። ቀን በከባድ ዝናብ ጊዜ ዝቅተኛውን መብራት አብሩ። መብራት የሚበራው እኛ እንድናይ ብቻ አይደለም፤ ጃንጥላ የያዘች እናት እንድታየንም ነው።

አምስተኛ፦ ባትሪና ኤሌክትሪክ

ጠዋት ጠዋት ብርዱ ሲበረታ፣ መብራቱም መጥረጊያውም ነፋሹም አንድ ላይ ሲሠሩ ደካማ ባትሪ ይጋለጣል። ሞተሪኖው «ንንን» ብሎ የሚያቃስት ከሆነ አስለኩት። ሞተር ሳይነሣ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ሞተር ተነሥቶ ደግሞ ወደ 14 ቮልት ገደማ መድረስ አለበት። ባይደርስ ችግሩ የባትሪ ሳይሆን የዲናሞው ወይም የቺንጋው ነው። አለዚያ በየስድስት ወሩ ባትሪ ስትገዙ ትኖራላችሁ። በጫፎቹ ላይ የሚበቅለው ነጭና አረንጓዴ ሻጋታ መሳይ ነገር በሙቅ ውሃ ይታጠባል፤ መጀመሪያ ግን የኔጌቲቩ ሽቦ ይፈታ፣ ዐይናችሁንም ጠብቁ፣ አሲድ ነው።

ስድስተኛ፦ ሞተሩ

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ የራዲያተር ክዳን ላስቲኩ ካረጀ፣ እንፋሎቱን አፍኖ መያዝ ካቃተው፣ ሞተሩ ቶሎ ይፈላል። ባዶ የቧንቧ ውሃ መጨመር ውስጡን ያዝገዋል፤ ኩላንት ይደረግ። ሞተር በጋለ ጊዜ ክዳን የሚከፍት ሰው ፊቱን ለእንፋሎት ያቀርባል፤ እባካችሁ ይቀዝቅዝ።

ዘይቱን በዱላው ስታዩ መልኩ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ሞተሩን ሳታስነሡ መካኒክ ጥሩ። የናፍጣ መኪና ያላችሁ ከፊልትሮው ሥር ያለችውን ብሎን ፈታ አድርጋችሁ የተጠራቀመውን ውሃ አፍስሱ። ኮፈኑንም ስትከፍቱ ቀስ በሉ። በክረምት አይጥና ድመት ሙቀት ፈልገው እዚያ ይገባሉ፤ አይጥ ሽቦ ትበላለች፣ ድመቷ ደግሞ በቺንጋ ትቆረጣለች። ጠዋት ከማስነሣታችሁ በፊት ኮፈኑን በእጃችሁ መታ መታ አድርጉ።

አንድ ከባድ ነገር ላሳስብ። በብርድ ሌሊት ሞተር አስነሥቶ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ወይም መስኮት ዘግቶ መኪና ውስጥ መተኛት ይገድላል። ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ ውስጥ ሽታ የሌለው መርዝ አለ። የግቢ ጥበቃ የቀጠራችሁ ሁሉ ይህንን ለጥበቃዎቹ ንገሯቸው። ብርድ ልብስ ግዙላቸው፤ ከሐዘን ይረክሳል።

ሰባተኛ፦ የኤሌክትሪክ መኪና

ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተነገረ ወዲህ በሰፈራችንም የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። «የኔ መኪና ዘይት የለው፣ ካንዴላ የለው፣ ምን ይፈተሻል?» የሚል ወንድም አጋጥሞኛል። ጎማ አለው አይደለም? እንዲያውም በባትሪው ምክንያት ስለሚከብድ ጎማውን ቶሎ ይበላል። ፍሬንም አለው፤ እሱም ሞተሩ ራሱ እየያዘ ስለሚያግዘው ዲስኩ ብዙ ሳይሠራ ይዝጋል። ትንሿ 12 ቮልት ባትሪም አለችው፤ እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ መኪናው አይነሣም።

ቻርጅ ሲደረግ ግን መሬት የተቀበረለት ትክክለኛ መስመር ይኑር። በመስኮት አሾልኮ፣ ተራ ማከፋፈያ በኩሬ ላይ አጋድሞ ማደር በልጆች ሕይወት መጫወት ነው። ብርቱካንማ ቀለም ያለውን ገመድ ማንም የመንደር መካኒክ እንዳይነካው፤ ለመግደል የሚበቃ ኃይል አለው።

ጎርፍ ሲያጋጥም

ከወሎ ሰፈር ወደ ጎተራ በሚወስደው መንገድም ሆነ በቦሌ መንገድ ላይ ከባድ ዝናብ ሲወርድ ውሃ ሲተኛ የምታዩት ነው። ጥልቀቱን የማታውቁት ውሃ ውስጥ አትግቡ። የሚወርድ ጎርፍ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከሆነ ትንሽ መኪናን ሊያንሳፍፍ ይችላል፤ 60 ከደረሰ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። የቱቦ ክዳን የተነሣበትም ቦታ ከላይ አይታይም።

ውሃ ውስጥ ሞተር ከጠፋባችሁ ደግማችሁ ለማስነሣት አትሞክሩ። ውሃው ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ሞተሩን ይሰብረዋል። ግፉትና አውጡት። ከውሃ ከወጣችሁም በኋላ ቀስ እያላችሁ ፍሬኑን ነካ ነካ አድርጉ፤ እስኪደርቅ አይዝም። ውሃ ላይ መኪናው ሲንሳፈፍ ከተሰማችሁ ፍሬን አትርገጡ፤ ነዳጁን ልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ።

ወደ አገር ቤት ለምትሄዱ

ከመካከላችን ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ደሴ የሚሄዱ አሉ። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ በክረምት ጉሙ የመኪናውን አፍንጫ እንኳ ይሸፍናል። በጉም ውስጥ ረዥሙን መብራት ማብራት መልሶ ዐይንን ያጠፋል፤ ዝቅተኛውን አብሩ። ከዋሻው ወዲያ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ቁልቁለቱ ረዥም ነው። በፍሬን ብቻ አትውረዱ፤ ዳገት በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ። ፍሬን ሲሸታችሁ ደኅና ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙና ይቀዝቅዝ። የዓባይ በረሃን የምታቋርጡም እንዲሁ ናችሁ።

«ቦሎ አለኝ» ስለሚባለው

በንግግሬ መካከል አንድ አባታችን እጃቸውን አንሥተው «ቦሎ የለጠፈ መኪና ተመርምሯል ማለት አይደለም ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጋሼ፣ ምርመራው አስፈላጊ ነው፣ ግዴታም ነው። ነገር ግን በዓመት አንድ ቀን ነው። በጥቅምት የተመረመረ ጎማ በሐምሌ ያው ጎማ አይደለም። የተቀሩትን ቀኖች የሚመረምረው ባለቤቱ ነው።

የሦስተኛ ወገን መድንም በአዋጅ የታዘዘ ነው። የኔም ነበረኝ። ለትራፊክ ፖሊስ አሳወቅሁ፣ ለሕክምናውም ጠቀመ። ነገር ግን መድን የልጅን ልቅሶ ከጆሮ አያጠፋም።

አንዲት እኅታችንም «ገንዘብ ለሌለው ምን ትላለህ?» ብላለች። እውነቷን ነው፣ ኑሮው ከብዷል። ሶማሌ ተራ ሄዶ ዕቃ የጠየቀ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል። መልሴ ይህ ነው፦ ሁሉን ባንድ ጊዜ ማድረግ ካልተቻለ ቅደም ተከተል ይኑር። መጀመሪያ ጎማና ፍሬን፣ ቀጥሎ መጥረጊያና መብራት፣ ከዚያ በኋላ ሌላው። ቀለምና ጌጥ፣ ቴፕና ስፒከር ለመስከረም ይደር። ጎማና ፍሬኑ እስኪደርስ ድረስ ደግሞ በዝናብ ቀን መኪናውን አቁሞ በታክሲ መሄድ ውርደት አይደለም። እኔ ያን ቅዳሜ መኪናዬን አቁሜ ቢሆን ኖሮ የቀረብኝ የአንድ ቀን ገቢ ብቻ ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ነገር አለ። ጠዋት ከመግባታችሁ በፊት መኪናችሁን አንድ ጊዜ ዙሩ። ጎማውን እዩ፣ ከሥር የፈሰሰ ነገር እንዳለ እዩ፣ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እንዳለ እዩ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ማኅበሩ ምን ያድርግ?

ንግግር ብቻ አይበቃም በማለት ሦስት ሐሳብ አቅርቤ፣ ስብሰባውም እጅ በማውጣት ተቀብሎታል፦

1. ክረምቱ ሳይገባ፣ በሰኔ የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ፣ በሰፈራችን የሚኖሩ ሁለት መካኒኮችና አንድ የጎሚስታ ባለሙያ በነጻ ጎማ፣ ፍሬንና መብራት ያዩልናል። ዕቃ መቀየር የባለቤቱ ነው። የማንም መኪና ጉድለት በሰሌዳ ላይ አይጻፍም፤ ለባለቤቱ ብቻ ይነገራል።

2. ማኅበሩ አንድ የነፋስ መለኪያና አንድ የባትሪ ማገናኛ ገመድ ይገዛል። በጥበቃው ቤት ይቀመጣል፤ ፈርሞ መውሰድ፣ በዕለቱ መመለስ።

3. በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ መኪና ያለውም የሌለውም አካፋ ይዞ በየደጃችን ያለውን የውሃ ቦይ እንጠርጋለን። ቆሻሻ የዘጋው ቱቦ ነው መንገዱን ወንዝ የሚያደርገው። ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ቦይ ውስጥ የምንጥለው ራሳችን ነን፤ መንግሥትን ብቻ አንወቅስ።

እግረኞችንም አንድ ነገር ልለምን። ልጆችን ሱቅ ስትልኩ ጃንጥላውን ከፊታቸው ከፍ አድርገው እንዲይዙ፣ ከቆመ መኪና ኋላም እንዳይጫወቱ ንገሯቸው። ይህን ስል ጥፋቱን ከሹፌር ላይ ለማንሣት አይደለም። መኪና የያዘው ነው ዕዳ ያለበት።

በመጨረሻም፣ ያቺ ልጅ ዛሬ ደኅና ናት። ክንዷ ድኗል፣ ትምህርቷንም ቀጥላለች። ባለፈው ሳምንት ከሱቅ ስትመጣ አይታኝ መኪናዬ ጎን ቆመችና «ጋሼ፣ ጎማው አዲስ ነው?» አለችኝ። «አዲስ ነው፣ የኔ ልጅ» አልኳት። ጎንበስ ብላ በጣቷ ጥርሱን ነካች፣ ከዚያ ሄደች። እኔም እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ይኸን ጥያቄ አምና በግንቦት ብትጠይቀኝ ኖሮ ምን እመልስላት ነበር?

ወገኖቼ፣ በየቤታችን ይህንን ጥያቄ የሚጠይቅ ልጅ አለ ብለን እናስብ። የምንመልሰውንም ከወዲሁ እናዘጋጅ።

ክረምቱን በሰላም አሳልፎ ለአደይ አበባ ያድርሰን።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ማሳሰቢያ፦ ለቅዳሜው ምርመራ የሚመጡ አባላት ስማቸውን በጥበቃው ቤት በሚገኘው መዝገብ ላይ አስቀድመው ያስመዝግቡ። አካፋ፣ ዶማና ጋሪ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ዝናብ ቢዘንብም ሥራው አይቀርም።